ጥያቄን ስለሚፈራ ማኅበር

በሲኒማና በቴሌቪዥን የታየውን ታሪክ ተከትለው የሚታተሙ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጻሕፍት እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከእነዚህም ብዙዎቹ አንድ መርማሪ ክፉ ምሥጢር ወዳለበት የሃይማኖት ማኅበር ገብቶ፣ መሪውን አጋልጦ፣ ዓለምን ከጥፋት ሲያድን ይተርካሉ። በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ተማሪዎቼ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በጠረጴዛ ሥር ደብቀው ሲያነቡ ባገኛቸው አልቈጣም ነበር፤ ማንበብ የለመደ ዓይን ውሎ አድሮ ወደ ቁም ነገሩ መድረሱ አይቀርምና። ነገር ግን በልብ ወለድ መርማሪው በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሸንፋል፤ በእውነተኛው ታሪክ የጠየቀው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ይህንንም በጃፓን አገር ከሆነው ነገር አሳያችኋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በ1984 ሾኮ አሳሃራ የሚባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የዓይኑ ብርሃን የደከመ ሰው፣ በቶኪዮ ከተማ ዮጋ የሚባለውን የአካልና የመንፈስ ልምምድ ማስተማር ጀመረ። በ1987 ማኅበሩን ኦም ሺንሪክዮ ብሎ ሰየመው፤ ሺንሪክዮ ማለት የእውነት ትምህርት ማለት ነው። ከዚያም ዓለም በታላቅ ጦርነት እንደምትጠፋና የሚድኑትም እርሱን የተከተሉ እንደ ሆኑ ሰበከ። ተከታዮቹ ቤተ ሰባቸውን እየተዉ፣ ሀብታቸውን ለማኅበሩ እየሰጡ ገቡ። መሪው የታጠበበት ውሃ ሳይቀር በገንዘብ ተሸጠላቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ቆብ በራሳቸው ላይ ደፍተው የመሪያቸው የአእምሮ ሞገድ ወደ እኛ ይተላለፋል ብለው አመኑ።

እነዚህ ሰዎች ፊደል ያልቈጠሩ መስለዋችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በመካከላቸው ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ የተማሩ ነበሩ። ስለ ማኅበሩ የመረመሩ ጸሓፊዎች እንደሚሉት፣ ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ አይዛክ አሲሞቭ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1951 ባሳተመው «ፋውንዴሽን» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ታላቅ መንግሥት ሲወድቅ ዕውቀትን ለማዳን የተሰበሰቡ ጠቢባን አሉ። መጽሐፉ ምንም በደል የለበትም፤ ክፋቱ አንባቢው ራሱን በአዳኝ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሌላውን ሕዝብ እንደ ገለባ መቍጠሩ ነው።

አሁን ስለ ጠየቀው ሰው ልንገራችሁ። ሱትሱሚ ሳካሞቶ በዮኮሃማ ከተማ የሚኖር የ33 ዓመት ጠበቃ ነበር። ልጆቻቸው ወደ ማኅበሩ ገብተው የቀሩባቸው ወላጆች ወደ እርሱ መጥተው አለቀሱ። እርሱም ጉዳያቸውን ያዘ። የመሪው ደም ልዩ ኃይል አለው ስለ ተባለውም ማስረጃው የት አለ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ማኅበሩ ግን መልስ አልነበረውም።

በጥቅምት 1989 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጠበቃውን አነጋግሮ ንግግሩን ቀረጸ። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ሰምተው ወደ ጣቢያው ሲሄዱ፣ ሠራተኞቹ የተቀረጸውን ገና ለሕዝብ ሳይታይ አሳዩአቸው። ዝግጅቱም ቀረ፤ ለጠበቃው ግን ማንም አልነገረውም። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን ከመንጋቱ በፊት፣ የማኅበሩ ሰዎች ወደ ቤቱ ገብተው እርሱን፣ ሚስቱንና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ልጃቸውን ገደሉ። የማኅበሩ ምልክት በቤቱ ወድቆ ቢገኝም ፖሊስ ነገሩን አጥብቆ አልያዘውም። ሬሳቸው በሦስት ልዩ ልዩ ተራሮች ተቀብሮ የተገኘው በ1995 ነው። ጣቢያውም ያደረገውን ያመነው በ1996 ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ዓይነት ስሕተት ተከተለ። በሰኔ 1994 ማኅበሩ ሳሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ በማትሱሞቶ ከተማ ለቀቀ፤ ዐላማው በመሬት ክርክር ላይ ሊፈርዱበት የነበሩትን ዳኞች መግደል ነበር። በዚያን ጊዜ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ፖሊስና ጋዜጠኞች ግን ጥርጣሬያቸውን በዚያው ሠፈር በሚኖር፣ የራሱ ሚስት በጋዙ በተጐዳችበት፣ ለእርዳታ ቀድሞ በጮኸ ሰው ላይ ጣሉ። በቤቱ ኬሚካል ተገኝቷልና እርሱ ነው ተባለ። ሚስቱ ራስዋን እንደ ሳተች 14 ዓመት ተኝታ በ2008 ዐረፈች፤ የሟቾቹም ቍጥር ስምንት ሆነ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በመጀመሪያው መጠየቅ ሲገባ ዝም ተባለ፤ በሁለተኛው ሳይጠየቅ ተፈረደ።

በመጋቢት 20 ቀን 1995 ጧት አምስት የማኅበሩ ሰዎች በቶኪዮ ከምድር በታች በሚሄዱ አምስት ባቡሮች ተሳፍረው፣ ሳሪን የተሞላ ከረጢት መሬት ላይ ጥለው፣ በጃንጥላቸው ጫፍ ወጉት። ከአምስቱ አንዱ የልብ ሐኪም ነበር። 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከ5,000 በላይ ተጐዱ፤ 14ኛዋም ከብዙ ዓመት ሥቃይ በኋላ በ2020 ሞተች። በካሱሚጋሴኪ ጣቢያ ሁለት ሠራተኞች ለሕዝቡ ብለው መርዙን ከባቡሩ ሲያወጡ ሕይወታቸውን ሰጡ። አሳሃራ በግንቦት ተይዞ በ2004 ሞት ተፈረደበት፤ በሐምሌ 2018 እርሱና 12 ተከታዮቹ በስቅላት ተቀጡ። ነገር ግን የእነርሱ መሞት የጠበቃውን ሕፃን አላስነሣም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ይዤው የወጣሁት ሃሳብ እምነትና ጥያቄ በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። የማያምን ሁሉ ነጻ ነው፣ የሚያምንም ሁሉ ሞኝ ነው አልላችሁም። የምላችሁ ይህ ነው፤ ትምህርት ብቻውን ሰውን አያድነውም። ያ ሐኪም የሰውን ልብ መክፈትና መጠገን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከረጢቱ በእጁ ሲሰጠው ለምን ብሎ የሚጠይቅበትን መብቱን አስቀድሞ ለሌላ ሰው አስረክቦ ነበር።

ስለዚህ ወደ ማናቸውም ማኅበር ብትጠሩ፣ የሃይማኖትም ይሁን የፖለቲካ ወይም የንግድ፣ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ለሚጠይቅ ሰው መልስ ይሰጡታል ወይስ ይቈጡታል? መውጣት የፈለገ በሰላም ይወጣል? አባትና እናትህን ተው ይሉሃል? መልሱ ክፉ ሆኖ ካገኛችሁት ቶሎ ራቁ።

ደግሞም በመካከላችሁ የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ ብቻውን አትተዉት። ጥያቄው የእናንተም እንደ ሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ምሥጢሩን ለጠላቱ አታሳዩበት፤ አደጋ ሲመጣበት ብታዩ ሳትዘገዩ ንገሩት። ሳካሞቶን ያጠፉት ገዳዮቹ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ወደ ቤቱ ስልክ ደውሎ ተጠንቀቅ ብሎት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሌሊት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሌላ ስፍራ ሊያድር ይችል ነበር።