ኮሶ፦ ከደጋ ዱር እስከ መድኃኒት መዝገብ

በአማርኛ «ኮሶ» የሚለው ቃል በሽታውንም መድኃኒቱንም ይጠራል። ከጥሬ የበሬ ሥጋ ጋር ወደ ሰው አንጀት የሚገባው ረጅም ጠፍጣፋ ትል ኮሶ ነው፤ ትሉን የሚያስወጣው የደጋ ዛፍም ኮሶ ነው። በአገሪቱ ከዱር ከሚለቀሙት መድኃኒቶች መካከል የኮሶን ያህል በየቤቱ የገባ፣ ስሙም ባሕር የተሻገረ ጥቂት ነው።

ኮሶ በደጋማ ደኖች የሚበቅል ዛፍ ሲሆን ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ናቸው። ለቃሚዎች የሚመርጡት ቀላ ያለውን የሴቴውን የአበባ ዘለላ ነው። አበባው ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ዕለቱን ከቤቱ አይወጣም ነበር። መራራነቱን የጠሉ ወይም ያላገኙት ደግሞ የእንቆቆ ፍሬ ወይም የመተሬ ዘር ይወስዱ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች፣ ሕዝቡ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ ጽፈዋል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። መድኃኒቱ የትሉን አካል በጥሶ ቢያስወጣም ራሱ ከአንጀት ግድግዳ እንደተጣበቀ ከቀረ፣ ትሉ በሁለት ወይም በሦስት ወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ሕዝቡ የትሉን ዕድገት በአጉሊ መነጽር ሳያይ፣ ቁርጥራጩ እንደገና የሚታይበትን ጊዜ በልምድ ለይቶት ነበር ማለት ይቻላል። ትሉ ወደ ሰው የሚመጣው ከከብት መሆኑን በሙከራ ለማሳየት መንገዱን የከፈተው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ማስወጣቱ እንጂ መከላከሉ አልነበረም።

ዛፉን ለአውሮፓ አንባቢ በዝርዝር ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ነው። በማግሥቱ ዓመት ዛፉ የጀርመናዊውን የመድኃኒት ቀማሚ የሃገንን ስም ይዞ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ተባለ። በኋላም ብሬየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ የመድኃኒቱን ሥራ አይቶ አበባውን ወደ ፓሪስ በመላኩ፣ በእርሱ ስም ሌላ የሳይንስ መጠሪያ ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1864 በታተመው በመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብም ኮሶ ቦታ አገኘ።

ይሁን እንጂ ወደ መዝገቡ የገባው አበባው እንጂ የለቃሚው ዕውቀት በሙሉ አልነበረም። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ ወንዴው ከሴቴው ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥም ውጤቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ በሩቅ አገር የሚገዛው ኮሶ አንዱን ሲፈውስ ለሌላው ሳይሠራ ይቀር ነበር።

በአገር ውስጥ የነበረው ችግር ሌላ ነው። መጠኑ በእፍኝ የሚለካ፣ የአበባው ኃይልም ከዛፍ ዛፍ የሚለያይ በመሆኑ፣ በሚጠቅመውና በሚጎዳው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነበር። ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉት በአበባው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ትሉን ሲያሽመደምዱ፣ ከመጠን ሲያልፉ ሰውንም ይመርዛሉ። ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላሉ፤ ጽንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ፤ የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ብርሃናቸውን ያጡ ሕሙማንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። በዚያው ዘመን ኒክሎሳማይድ፣ ቆይቶም ፕራዚኳንቴል መምጣታቸው ለሕሙማን ታላቅ እፎይታ ነበር፤ መጠናቸው ይታወቃል፣ ጉዳታቸውም አነስተኛ ነው።

ታሪኩ ግን በክኒኑ አላበቃም። ጥሬ ሥጋ መብላት እንደቀጠለ ነው፤ ኮሶ የሚጠጡ ሰዎችም አሉ። ሕመምተኛው ይህን ለሐኪም መናገር ያፍር ይሆናል። ድንገት ዓይኑ የደከመ ወይም በብርቱ ተቅማጥ የተዳከመ ሰው ሲመጣ፣ «ኮሶ ጠጥተው ነበር?» ብሎ ያለ ነቀፌታ መጠየቅ ከምርመራው እኩል ዋጋ አለው። ሥጋን በሚገባ አብስሎ መብላትና መጸዳጃ ቤትን መጠቀም ደግሞ ትሉም መድኃኒቱም እንዳያስፈልጉ የሚያደርጉ ናቸው።

የኮሶ ዛፍ ለጣውላ ሲቆረጥና ደኑ ሲመናመን፣ ሴቴውን ከወንዴው የሚለዩ አረጋውያንም አብረው እያለፉ ነው። የእነርሱን ዕውቀት መዝግቦ ማቆየት ሕዝቡን ወደ እፍኝ መስፈሪያ መመለስ አይደለም፤ ለዘመናት ትውልድን ያከመውን ዛፍ ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ ማወቅ ነው።