መርከበኛው በስሜን ተራራ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የመርከብ አዛዥ ነው። «ስሜን ተራራ ላይ መርከብ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ መርከቡ አልመጣም። ሰውየው ግን መጥቷል።

ዘመኑ 1533 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ገና ከተማ አልሆነችም። አፄ ፋሲል የቆረቆሯት በ1628 ዓ.ም. ነው። ቀንሱና እዩት፤ 95 ዓመት ይቀራል። እንግዲህ «የጎንደርን ግንብ የዳጋማ ወታደሮች ሠሩት» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህንኑ ቁጥር አሳዩት።

በዚያን ጊዜ አገሩ በጦርነት ተጨንቋል። ሕዝቡ ግራኝ የሚላቸው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አብዛኛውን ደጋ ይዘዋል። አፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው ሞተዋል። ከመሞታቸው በፊት ግን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ «ድረሱልን» ብለው ልከው ነበር።

የፖርቱጋል መርከቦች ቀይ ባሕር ገቡ። መጀመሪያ የሄዱት የቱርኮችን መርከቦች ስዌዝ ላይ ለማቃጠል ነበር፤ አልሆነላቸውም። ሲመለሱ ከምጽዋ አጠገብ 400 ወታደር አወረዱ። የወታደሮቹ አለቃ ክሪስቶቫኦ ዳጋማ ይባላል። ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ የከፈተው የቫስኮ ዳጋማ ልጅ ነው። ዕድሜው ገና 25 ዓመት ገደማ ነው። መርከብ ማዘዝ ለምዷል፤ የደጋ ጦርነት ግን አያውቅም።

ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ተቀበሉት። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው ከጦሩ ጋር ተጓዙ። በ1534 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ኢማሙ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፤ እግራቸውንም ቆሰሉ። ታዲያ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የመን ካሉት ቱርኮች ጠመንጃ የያዘ ጦር አስመጡ።

ክረምት ገባ። ዳጋማ ከሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ሰፈረ። ጠመንጃ አለው፤ ፈረስ ግን እምብዛም የለውም። ፈረስ የሌለው ጦር ጠላቱን ቢያሸንፍም አባሮ አይዝም። አንድ ቀን አንድ የቤተ እስራኤል ሰው መጣ። ሰውየው ቀድሞ የአንድ የስሜን አምባ ሹም ነበረ። «አምባዬን የኢማሙ ሰዎች ይዘውታል። ጠባቂው ጥቂት ነው፤ ፈረሱ ብዙ ነው። አፄ ገላውዴዎስም ከሸዋ ሲመጡ በዚያ ያልፋሉ» አለው።

ዳጋማ 100 ያህል ሰው ይዞ በድብቅ ተነሣ። ተከዜ ሞልቷል። እዚህ ላይ መርከበኝነቱ ሳይረዳው አልቀረም እላለሁ። አቅማዳ ነፍተው፣ እንጨት አስረው፣ ባሩዱን ሳያርሱ ተሻገሩ። አምባውን ያዙ። 80 ያህል ምርጥ ፈረስ፣ ብዙ በቅሎም አገኙ። አምባውንም ለዚያው ለቀድሞው ሹም መለሱለት።

መንገዱ ግን ጭቃ ነው፤ ፈረስ ቶሎ አያስኬድም። ዳጋማ ቸኮለ። ፈረሶቹን ቀስ ብለው እንዲያመጡ 30 ሰው ትቶ ወደ ወፍላ ገሠገሠ። ገና ከመድረሱ ኢማሙ ከቱርኮቹ ጋር ከተፍ አሉ። ቀኑን ሙሉ ተዋጉ። ፈረሶቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ዳጋማ ክንዱን በጥይት ተመታ፤ ሌሊት ሸሸ፤ በማግስቱ ተያዘ። አንገቱም ተቆረጠ።

ቱርኮቹ በዚህ ተቆጡ። «ለሱልጣናችን እንወስደው ነበር» አሉና አብዛኞቹ ተመልሰው ሄዱ። ኢማሙ ደግሞ ጦርነቱ ያለቀ መስሏቸው ወደ ደምቢያ፣ ወደ ጣና ዳር ወረዱ።

የተረፉት ፖርቱጋሎችስ የት ገቡ? ከእቴጌይቱ ጋር ወደዚያው ወደ ስሜኑ አምባ ሸሹ። ሹሙም ደጁን ከፈተላቸው። ባሩዱን እዚያው ቀመሙ። በ1535 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ገላውዴዎስ ጥቂት ሰው አስከትለው ደረሱ። የስሜንና የአካባቢው ሰው እየተጨመረ ጦሩ በዛ። በየካቲት ወር ከጣና ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ። ኢማሙ በጥይት ተመትተው ወደቁ፤ ጦራቸውም ተበተነ።

ከ400ዎቹ ከተረፉት ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። እዚሁ አግብተው፣ ወልደው ቀሩ።