ከተቀደደው ሪባን እስከ ኤክስኤምኤል፦ የመልእክት ፖስታ ታሪክ

አንድ ደብዳቤ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ እስኪደርስ በመካከል የሚያልፍባቸው ሰዎች ይዘቱን ሊያነቡት አይገባም። ማን እንደ ላከው፣ ለማን እንደ ተላከ፣ መቼ እንደ ወጣና ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ግን ማወቅ ይኖርባቸዋል። ለአጓጓዡ የተፈቀደውን ይህን ዕውቀት የሚይዘው ፖስታው ነው። በኮምፒዩተሮች መካከል በሚደረገው ልውውጥም ፖስታ የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ተግባር የለውም፤ ታሪኩ ግን ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ከቴሌፕሪንተሩ ይጀምራል።

በቴሌፕሪንተር ዘመን፣ በበረራ አገልግሎት መረብ ላይ፣ ከአንድ ጣቢያ የደረሰ መልእክት በተበሳ የወረቀት ሪባን ላይ ይወጣ ነበር። ኦፕሬተሩም ሪባኑን ቀድዶ፣ አድራሻውን አይቶ፣ ወደሚቀጥለው መስመር ማስተላለፊያ ይወስደዋል። ሪባኑ የት ላይ እንደሚቀደድ እንዲታወቅ መልእክቱ «ዜድ ሲ ዜድ ሲ» በሚሉ ፊደላት ይከፈትና አራት ጊዜ በተደገመ «ኤን» ይዘጋል፤ እነዚህ ፊደላት በተራ ጽሑፍ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል የሚገጥሙ አይደሉም። ከመክፈቻው ቀጥሎ የመስመሩ ተራ ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ በየቀኑ ከ001 ይጀምር ስለነበር፣ ከ054 ቀጥሎ 056 ከመጣ አንድ መልእክት በመንገድ መቅረቱን ለማወቅ የሌሎቹን ይዘት መመርመር አላስፈለገም።

በ1949 እ.ኤ.አ. 11 አየር መንገዶች ሲታ የተባለውን የጋራ የመገናኛ ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ የአድራሻው ጉዳይ የበለጠ መልክ ያዘ። በአየር መንገዶች የመልእክት አሠራር አድራሻው ሰባት ፊደል ነው፦ ሦስቱ ለከተማው፣ ሁለቱ ለክፍሉ፣ ሁለቱ ለድርጅቱ። ስለዚህ አዲስ አበባ ለሚገኝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክፍል የሚላክ መልእክት አድራሻው በ«ኤ ዲ ዲ» ተጀምሮ በ«ኢ ቲ» ያልቃል። ይህ አጻጻፍ ሪባኑም ቀዳጁም ከቀሩ በኋላ አልቀረም።

የንግድ ሰነዶች ነገር በሌላ መንገድ መጣ። በ1948 እ.ኤ.አ. የምዕራብ በርሊን መንገዶች በተዘጉ ጊዜ ለከተማይቱ ምግብና ከሰል በአውሮፕላን ሲመላለስ፣ የጭነቱ ዝርዝር በየቋንቋውና በየቅጹ እየመጣ ሥራውን አስቸገረ። ኤድዋርድ ጊልበርት የተባለው አሜሪካዊ የሎጂስቲክስ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በቴሌክስ፣ በሬዲዮ ወይም በስልክ ሊተላለፍ የሚችል አንድ ወጥ የጭነት ዝርዝር አዘጋጀ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ድርጅቶች የመረጃ አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ከዚህም ሥራ በ1979 ኤክስ 12 የተባለው የደረጃዎች ኮሚቴ ተከተለ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ የኤዲፋክት ሰዋስው በ1987 ጸደቀ።

የኤክስ 12 ፖስታ ጠጋ ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። መክፈቻው አይኤስኤ ይባላል፤ ርዝመቱ ምንጊዜም 106 ፊደል ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የላኪው መለያ 15 ቦታ ተሰጥቶታል፤ ስሙ አጭር ቢሆን ቀሪው በባዶ ቦታ ይሞላል። ርዝመቱ የተወሰነበት ምክንያት ብልህነት አለው፦ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ላኪው በየትኛው ምልክት ዐረፍተ ነገሩን እንደሚለያይ ገና አያውቅም፤ ፖስታው ግን ቋሚ ስለሆነ አራተኛውን ፊደል ቢያይ መለያያውን፣ 106ኛውን ቢያይ መዝጊያውን ያገኛል። በመክፈቻው ውስጥ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የቁጥጥር ቁጥር አለ፤ ይኸው ቁጥር በመዝጊያው ላይ ይደገማል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሰነዱ ጎድሏል ወይም ከሌላ ጋር ተደባልቋል ማለት ነው። ከባንኮች በኩል በ1973 ተመሥርቶ በ1977 ሥራ የጀመረው ስዊፍትም መልእክቱን ከራስጌው ለይቶ በተቆጠሩ ክፍሎች አስቀመጠ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ሶፕ 1.1 በታተመ ጊዜ የኤክስኤምኤሉ የውጭ መለያ ስሙ ራሱ «ፖስታ» ሆነ፤ ውስጡም ራስጌና አካል። ራስጌው የማንኛውም ድርጅት ተጨማሪ ጉዳይ እንዲገባበት ክፍት ተተወ፤ ተቀባዩ ያልገባውን ራስጌ ችላ ብሎ እንዳያልፍም «የግድ መረዳት አለብህ» የሚል ምልክት ተዘጋጀ። ችግሩ የተነሣው ከዚህ ነፃነት ነው። የደኅንነት ራስጌው ደረጃ በ2004 ሲወጣ ብዙዎቹ የአገናኝ ሶፍትዌሮች አዳፕተሮች ያንን ራስጌ በተፈለገው መልክ መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶች አዳፕተሩን «ፖስታ አትሥራ» ብለው አዝዘው፣ ፖስታውን ባለሙያዎች ማፒንግ በሚሉት፣ የሰነድን ይዘት ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ በሚለውጠው ፕሮግራም ውስጥ በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ።

መንገዱ ሥራ ያስኬዳል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ፖስታውን አልሠራም ያለ አዳፕተር የመልሱንም ፖስታ አይከፍትም፤ ከተቀባዩ የመጣውን የስሕተት መግለጫ እንደ ተራ መልስ ሊያሳልፈው ይችላል። ጽሑፍን ከጽሑፍ በመቀጠል የተሠራ ፖስታ በደንበኛው ስም ውስጥ አንድ የ«እና» ምልክት ባጋጠመው ቀን ይሰበራል። በኤክስ 12 በኩልም ትርፍ መስሎት ባዶ ቦታዎቹን የሚቆርጥ ማፒንግ 106ቱን ፊደል ያጎድላል።

ከሁሉ የከፋው የቁጥሩ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት ልማድ የደብዳቤውን ቁጥር የሚሰጠው አርቃቂው አይደለም፤ መዝገብ ቤት ነው። ረቂቁ አሥር ጊዜ ቢታረም ወጪ የሚሆነው አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቁጥር ነው። ማፒንግ አርቃቂ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም፦ መስመሩ ተቋርጦ ሥራው እንደ አዲስ ሲሞከር፣ ቀድሞ ያደረገውን አያስታውስም። ቁጥሩን ራሱ የሚፈጥር ከሆነ ለዚያው ትእዛዝ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ደርሶ ከሆነ ተቀባዩ ሁለት ትእዛዝ እንደ መጣለት ቆጥሮ ሁለት ጭነት ይልካል፣ ሁለት ጊዜም ያስከፍላል። እያንዳንዱ ፖስታ ለብቻው ሲመረመር ፍጹም ትክክል ስለሆነ ስሕተቱን የሚያገኘው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የመጋዘኑ ሠራተኛ ይሆናል።

መፍትሔው ከመዝገብ ቤቱ ልማድ አይርቅም። ቁጥሩ ከማፒንግ ውጭ፣ ሰነዱ በተወለደበት ሥርዐት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ማፒንጉም ይቀዳዋል እንጂ አይፈጥረውም። ኢቢኤክስኤምኤል የተባለው የመልእክት ደረጃ በ2002 ያወጣው ሁለተኛ እትም መለያ ቁጥሩንና ድግግሞሽን የማስቀረት ግዴታን በፖስታው ላይ ያኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፖስታ ከይዘት ይልቅ በዝግታ ይለወጣል፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሊለውጠው አይችልምና። በኤክስ 12 ከ2000 ዓመት ለውጥ በፊት የውስጠኛው ቡድን ራስጌ ቀን ወደ ስምንት አኃዝ አደገ። የውጭው ፖስታ ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ በአይኤስኤ ውስጥ ዓመቱ ዛሬም የሚጻፈው በሁለት አኃዝ ነው።