ጋራዥ ሮክ

ጋራዥ ሮክ በሰሜን አሜሪካ ተወልዶ በተለይ ከ1963 እስከ 1968 የደመቀ፣ ሻካራና ጉልበተኛ የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስሙም ብዙዎቹ በወላጆቻቸው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይለማመዱ ነበር ከሚል እሳቤ የመጣ ነው። ሁለት ሦስት ኮርድ፣ ድምፁ የሚሻክር ጊታር፣ ከማዜም ይልቅ ወደ መጮህ የሚያደላ ድምፃዊ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚያልቅ ዘፈን፤ መታወቂያው ይኸው ነው። በጊዜው ግን ራሱን የቻለ ዘርፍ ብሎ የለየው አልነበረም። ከመረሳት አውጥተው ስም የሰጡትና ወሰን ያበጁለት አድማጮቹ ናቸው። ስለዚህ የጋራዥ ሮክ ታሪክ የባንዶቹ ብቻ ሳይሆን የወዳጆቹም ታሪክ ነው።

የዚህን ድምፅ መነሻ ለሚፈልግ ሰው ጊታሪስቱ ሊንክ ሬይ ቀድሞ ይጠራል። ሬይ በ1958 «ራምብል» የተባለውን ሙዚቃ ሲሠራ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ በስቶ ጊታሩ እንዲያጉረመርም አደረገ። አንድም ቃል የሌለበት ይህ ሙዚቃ ወጣቶችን ለጠብ ያነሳሳል ተብሎ በአንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ታግዷል። በ1962 ጊብሰን ኩባንያ በእግር ተረግጦ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር «ፈዝ ቶን» የተባለ ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 «ሳቲስፋክሽን» ላይ ከተጠቀሙበት በኋላ ያንን ድምፅ የማይፈልግ ወጣት ጊታሪስት ጠፋ።

የዘርፉ ብሔራዊ መዝሙር ሊባል የሚገባው «ሉዊ ሉዊ» ነው። ደራሲው ጥቁር አሜሪካዊው ሪቻርድ ቤሪ በ1957 በሸክላ ያሳተመው፣ አንድ መርከበኛ ለመጠጥ ቀጂው የፍቅረኛውን ናፍቆት የሚነግርበት ለስላሳ ዘፈን ነበር። በሚያዝያ 1963 የፖርትላንድ ከተማ ወጣቶች የሆኑት ኪንግስመን በትንሽ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ጊዜ ቀዱት። ድምፃዊው ጃክ ኢሊ ከራሱ በላይ ወደተሰቀለ ማይክሮፎን አንጋጦ ስለጮኸ ቃላቱ አይለዩም። ከጊታሩ ሶሎ በኋላም ቀድሞ ገባ፣ ደንገጥ ብሎ ዝም አለ፣ ድራመሩ ክፍተቱን በምት ሞላለት። ስሕተቱ ሳይታረም ሸክላው ታተመ፤ በቢልቦርድ ሠንጠረዥም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። የማይሰማው ቃል ብልግና ነው የሚል ወሬ ሲነዛ የኢንዲያና ገዥ ጣቢያዎች እንዳያሰሙት ጠየቁ፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ደግሞ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያስኬደ መረመረ። የምርመራው ውጤት ቃሉ በየትኛውም ፍጥነት አይሰማም የሚል ነበር። ቤሪ የዘፈኑን መብት አስቀድሞ በ750 ዶላር ሸጦት ስለነበር፣ ዓለም ሲጨፍርበት ከጥቅሙ ብዙም አልተካፈለም። መብቱን መልሶ ማግኘት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው።

የካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ አያቸው። በማግስቱ ጊታር የፈለገው ልጅ ብዛት የትየለሌ ነው። በየከተማው ባንድ ተመሠረተ፤ በትምህርት ቤት አዳራሽና በባንዶች ውድድር ይጫወታሉ፣ የሰፈር አሳታሚ ጥቂት መቶ ሸክላ ያወጣላቸዋል፣ የአካባቢው ሬዲዮ ለሳምንታት ያሰማላቸዋል፣ ከዚያ ይበተናሉ። አገር አቀፍ ዝና ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል በሚሺጋን ያደጉት የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች፣ ክዌስችን ማርክ ኤንድ ዘ ሚስቴሪያንስ፣ በጥቅምት 1966 «ናይንቲ ሲክስ ቲርስ» በተባለው ዘፈን አንደኛ ደረጃ ይዘዋል። ያንን ዘፈን የሚሸከመው ጊታር ሳይሆን ኦርጋን ነው። ቮክስና ፋርፊሳ የተባሉት በእጅ የሚንጠለጠሉ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ኦርጋኖች የጋራዥ ባንዶች መለያ ነበሩ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራቸውን ሥራዎች ያደመጠ ኢትዮጵያዊ የፋርፊሳን ድምፅ ወዲያው ይለየዋል።

ከሁሉም ግን የዋሽንግተን ግዛቷ የወደብ ከተማ የታኮማ ልጆች፣ ዘ ሶኒክስ፣ የተለዩ ናቸው። በ1964 «ዘ ዊች»ን፣ በ1965 ደግሞ «ሂር አር ዘ ሶኒክስ» የተባለውን አልበም አወጡ። ድምፃዊው ጄሪ ሮዝሊ ቃል በቃል ይጮኻል፤ ስለ ጠንቋይ፣ ስለ እብደት፣ መርዝ እንደ መጠጥ ስለሚያጣጥም ሰው። የድራሙ ድምፅ የተያዘው በአንድ ማይክሮፎን ነበር፤ ጊታሩና ሳክስፎኑ የቀረጻ መሣሪያው ከሚችለው በላይ ይገፋሉ። ባለሙያ ጉድለት የሚለውን እነርሱ ሆን ብለው ፈለጉት። ይህን ሙዚቃ በንጽሕናው የሚመዝን ሰው ስቶታል። ፉካሪን በድምፁ መረዋነት የሚመዝነው የለም፤ የሚፈለግበት ወኔው ነው፤ የሮዝሊም ጩኸት እንዲሁ መሰማት አለበት።

ከ1967 በኋላ የሕዝቡ ጣዕም ወደ ረጃጅምና ወደ ተራቀቁ አልበሞች ዞረ። ወጣቶቹም ገሚሱ ወደ ኮሌጅ፣ ገሚሱ ለቬትናም ጦርነት ወደ ጦር ሠራዊት ሄዱ። ሸክላዎቻቸው ከየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በሳንቲም የሚነሱ ሆኑ።

እዚህ ላይ ነው ወዳጆቹ የሚገቡት። በኒው ዮርክ የሸክላ መደብር ውስጥ ይሠራ የነበረው ጸሐፊና ጊታሪስት ሌኒ ኬይ፣ ከኤሌክትራ ኩባንያ መሥራች ከጃክ ሆልዝማን ጋር ሆኖ በ1972 «ነገትስ» የተባለውን ባለ ሁለት ሸክላ ስብስብ አወጣ። በአብዛኛው ከ1965 እስከ 1968 የተሠሩ 27 ዘፈኖችን ይዟል። ኬይ በመግለጫ ጽሑፉ ይህንን ሙዚቃ «ፓንክ ሮክ» ብሎ ጠራው፤ ኋላም የዘፋኟ የፓቲ ስሚዝ ጊታሪስት ሆኖ በኒው ዮርኩ የፓንክ እንቅስቃሴ ውስጥ ተካፈለ። ከ1978 ጀምሮ «ፔብልስ»፣ ከ1983 ጀምሮ «ባክ ፍሮም ዘ ግሬቭ» የተባሉት ተከታታይ ስብስቦች ደግሞ ከዚያ በታች የተቀበረውን ቆፈሩ፤ በሰፈሩ ብቻ የታወቀ፣ አንድ ሸክላ ብቻ አውጥቶ የጠፋ ባንድ ሁሉ ተፈለገ። ይህን ሥራ የሠሩት ሰብሳቢዎች በፍቅር የሠሩት ነው፤ ያለ እነርሱ ዛሬ የምንሰማው አብዛኛው አይኖርም ነበር።

ውጤቱም ሰፊ ነው። ዘ ክራምፕስ የተባሉት ባንድ በ1980 የሶኒክስን ዘፈን በአልበማቸው አካተቱ። በዲትሮይት የተመሠረቱት ዋይት ስትራይፕስ፣ ያለ ቤዝ ጊታር፣ በጊታርና በድራም ብቻ ዓለምን ዞሩ። በ2003 የወጣው «ኤሌፋንት» አልበማቸው በአብዛኛው የተቀዳው ለንደን ውስጥ ቶ ራግ በተባለ ትንሽ ስቱዲዮ፣ ባለ ስምንት ትራክ የቴፕ መሣሪያ ላይ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው። የአልበሙ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» ዜማ በቤልጂየሙ ክለብ ብሩዥ ደጋፊዎች አፍ ገብቶ፣ በ2006 የዓለም ዋንጫ ከጣሊያን ደጋፊዎች ጋር ተሰማ፤ እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ዜማውን ያውቀዋል። ከዚሁ የዘር ሐረግ ከወረደው ፓንክ ጋር ኢትዮጵያም ተገናኝታለች። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ2006 አውጥቷል። ሁለቱ የተገጣጠሙት በጩኸታቸው እውነተኛነት ነው።

ሶኒክስ ራሳቸው ለአሥርተ ዓመታት ተበትነው ቆይተው በ2007 በኒው ዮርክ እንደገና መድረክ ላይ ወጡ። የጠሯቸው የዘርፉ ወዳጆች ነበሩ። በ2015 «ዚስ ኢዝ ዘ ሶኒክስ» የተባለ አዲስ አልበም በሞኖ ቀድተው አወጡ። ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደምጥ ሰው ከ1965ቱ አልበም ይጀምር፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ድምፁንም ከፍ ያድርገው።