ከጭቃ ሹም እስከ ሊቀ መንበር

ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ሲወረድ ደጋውና የይፋት ቆላ የሚገናኙባት ደብረ ሲና ትገኛለች። ዋሻውን ጣሊያን ፈለፈለው፤ የግብሩንና የክሱን ጉዳይ ግን ጭቃ ሹምና አጥቢያ ዳኛ ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩ።

ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ነገሩ ተገለበጠ። በየከተማው ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ፍርድ ሸንጎው፣ መታወቂያው፣ የስኳር ራሽኑ፣ ጥበቃው፣ ሁሉም እዚያው! ለጎረቤት ጠብ ቅርብ ዳኛ ተገኘ፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ላስቀየመ ግን መሸሻ ጠፋ።

መስከረም 1998 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ ተንሸራቶ ከሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ፈረሱ፤ ማሳውን ያጣውን ገበሬ የት ማስፈር ይቻላል የሚለው ጥያቄም ተከተለ።