‘ኤል’፣ ‘ስሪ ኤል’፣ ‘ፋይቭ ኤል’፦ ያመላለሰን የሞተር ቤተሰብ

ሐኪም ስለ ሞተር ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ግን ምጥ የጠናባትን እናት ከወረዳ ሆስፒታል ማን አደረሳት? እኛንስ ከተመደብንበት ከተማ ማን አመላለሰን? ብዙ ጊዜ የቶዮታ ሃይሉክስ ወይም ሃያስ ነው፤ ከሥሩም ‘ኤል’ የሚባለው የናፍጣ ሞተር።

ቶዮታ ‘ኤል’ን ያወጣው በ1977 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2,188 ሲሲ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እያደገ፣ ሲሊንደሩም እየሰፋ ሄደ፦ ከ90 ሚሊ ሜትር ወደ 92 (‘ቱ ኤል’፣ 2,446 ሲሲ)፣ ወደ 96 (‘ስሪ ኤል’፣ 2,779 ሲሲ)፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ 99.5 (‘ፋይቭ ኤል’፣ 2,986 ሲሲ)። መሠረቱ ስላልተለወጠ አንዱን የለመደ መካኒክ ሌላውን ለመፍታት አይቸገርም።

አሠራሩም ቀላል ነው። ናፍጣው ፒስተኑ ላይ በቀጥታ አይረጭም፤ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል፣ በሚሽከረከር ትኩስ አየር ውስጥ ይረጫል። ፖምፓው በራሱ በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ ነው፤ ኮምፒውተር አይፈልግም። ጉድለትም አለው፦ በዚያች ክፍል ግድግዳ ሙቀት ስለሚባክን ናፍጣ ይበላል። ቱርቦ የተገጠመለት ‘ቱ ኤል’ ደግሞ ቴስታታው እየተሰነጠቀ ስሙ ጠፍቷል። ከ2000 ወዲህ በ‘ኬዲ’ ሞተሮች ተተካ፤ እነሱ በቀጥታ የሚረጩ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። ቆጣቢ ናቸው፤ ሲታመሙ ግን መመርመሪያ መሣሪያ ይጠይቃሉ፤ የገጠር ጋራዥ ያ የለውም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ1988 “ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም” ከሚባሉት መደበው፤ በ2012 ደግሞ ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው ምድብ አንድ አስገባው። ያረጀ ፖምፓና የደፈነ አየር ማጣሪያ ጥቀርሻውን ያብሱታል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ተራ የሚቆሙት ሾፌርና ረዳት፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ ጉልት የምትቸረችር እናት ይሄንኑ ይተነፍሳሉ። በ2024 መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ ያሉት ሚኒባሶች ግን ነገ ከመንገድ አይወጡም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አለኝ። የምህንድስና ልጆች ጭሱን ይለኩ፣ እኛ የሾፌሮቹንና የረዳቶቹን ሳንባ እንለካ፤ የሁለቱን ውጤት አንድ ላይ አድርገን እንየው። ይህ ሞተር ብዙ ሕመምተኛ አድርሶልናል፤ ስንቱን እያሳመመ እንደሆነም ማወቅ የኛ ሥራ ነው።