በኬብል የሚሠራ ዲጂታል የፎቶ ፍሬም

በኬብል የሚሠራ ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የታተመ ፎቶ በሚገባበት ቦታ ትንሽ ስክሪን ያለው መሣሪያ ነው። ፎቶዎችን በራሱ ሚሞሪ ወይም በሚሰካለት ሚሞሪ ካርድ ይዞ በየተራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ ከተሸጡት አብዛኞቹ ዋይፋይ የላቸውም። ፎቶ የሚጫንባቸው በዩኤስቢ ኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ወይም ካርዳቸው ወጥቶ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች፣ ይህ ዓይነቱ ፍሬም ከአዲሶቹ የዋይፋይ ፍሬሞች ይልቅ አስተማማኝ ነው። ከማንም ኩባንያ ሰርቨር ጋር ስለማይገናኝ አንዴ ፎቶ ከተጫነበት የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው።

ታሪክ

ለፍሬሙ መፈጠር መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የተባለው የፎቶ ማመቂያ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የአሜሪካው ኩባንያ ሴይቫ ሌሊት በስልክ መስመር ደውሎ አዳዲስ ፎቶዎችን የሚያወርድ ፍሬም ይዘው ከቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። የስክሪንና የሚሞሪ ዋጋ ሲወርድ ሳምሰንግ፣ ፊሊፕስ፣ ሶኒና ኮዳክ፣ ከእነርሱም ጋር በርካታ የቻይና አምራቾች፣ ርካሽ ፍሬሞችን በብዛት አወጡ። ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ኮዳክም በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. ከካሜራዎቹ ጋር የፎቶ ፍሬም ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ፍሬምቻናል የተባለው አገልግሎት ሲዘጋ ከእርሱ ፎቶ ይቀበሉ የነበሩ የዋይፋይ ፍሬሞች ይህን አገልግሎት አጥተዋል። በኬብል የሚጫኑት ግን አልተነኩም።

አሠራር

የፍሬሙ ዋና ዋና ክፍሎች ስክሪኑ፣ ጄፔግን የሚፈታው ቺፕ፣ ውስጣዊ ሚሞሪው እና አዳፕተሩ ናቸው። በርካሽ ባለ 7 ኢንች ፍሬሞች ላይ ስክሪኑ 480 በ234 ነጥብ ብቻ አለው፤ በተሻሉት ላይ 800 በ480 ወይም 800 በ600 ነው። ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ አብዛኛው ፍሬም ራሱን እንደ ፍላሽ ያስተዋውቃል። ስለዚህ ዊንዶውስ ኤክስፒም ሆነ ከዚያ ወዲህ የወጡት፣ እንዲሁም ማክና ሊኑክስ፣ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፍቱታል። ፍሬሙን ፍላሽ ነው ብሎ ማሰብ አብዛኛውን ችግር ያቃልላል።

ብዙ ፍሬሞች ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ሰፊው ቀዳዳ ፍላሽ ለመሰካት የተሠራ ስለሆነ በእርሱ በኩል ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት አይቻልም። ለኮምፒውተር የተሠራው ትንሹ ነው፤ በአሮጌዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒ ዩኤስቢ ይሆናል። የቆየ የስልክ ቻርጀር ጫፍ ብዙ ጊዜ ማይክሮ ዩኤስቢ በመሆኑ አይገባበትም፤ ያለ ቦታው መግፋትም ቀዳዳውን ይሰብራል። የድሮ ዲጂታል ካሜራዎች ኬብል ግን ብዙ ጊዜ ይስማማዋል።

የማገናኘት ሂደት

በመጀመሪያ ፍሬሙ በራሱ አዳፕተር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይበራል፤ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ብቻውን ስክሪኑን ለማብራት ላይበቃ ይችላል። ቀጥሎ ኬብሉ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዛል። አንዳንድ ፍሬሞች ከኮምፒውተር ጋር መገናኘታቸውን በስክሪናቸው ጠይቀው ማረጋገጫ ይጠብቃሉ። የሳምሰንግ አንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ፎቶ መቀበያ ከመሆን ሌላ የኮምፒውተሩ ትንሽ ተጨማሪ ስክሪን መሆንም ስለሚችሉ ትክክለኛው ምርጫ መነካት አለበት። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ዲስክ ይታያል።

ዲስኩ ሲከፈት ቀዳሚው ሥራ በውስጡ ያለውን ፎቶ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ነው። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የቆየ ፍሬም፣ ስልኩ ለጠፋበት ወይም ኮምፒውተሩ ለተበላሸበት ቤተሰብ የቀረውን ብቸኛ ፎቶ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፎርማት ማድረግም ሆነ ማጥፋት ከዚህ በኋላ ይመጣል። አዲሶቹ ፎቶዎች ተጭነው ሲያበቁ ዲስኩ በኮምፒውተሩ በኩል በአግባቡ መለቀቅ አለበት። ፎቶው ተጭኖ ሳያልቅ ኬብሉ ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ የሚሞሪው የፋይል ማውጫ ሊበላሽ ይችላል።

የፎቶ ዝግጅት

በካሜራ የተነሳ 4000 በ3000 ነጥብ ያለው ፎቶ 4 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። እንዲህ ያለ ፎቶ 128 ሜጋባይት በሆነ ውስጣዊ ሚሞሪ ላይ የሚገባው 30 ገደማ ብቻ ነው። ወደ 800 በ600 ሲቀነስ ግን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት ስለማይበልጥ በዚያው ሚሞሪ ከ500 በላይ ፎቶ ይቀመጣል። በትንሹ ስክሪን ላይ የጥራት ልዩነት አይታይም፤ ፍሬሙም ቶሎ ይከፍታቸዋል።

የቆዩ ፍሬሞች የሚያነቡት ተራውን ጄፔግ ነው። ከድረ ገጽ የወረዱ፣ ደረጃ በደረጃ እየጠሩ የሚከፈቱ ጄፔጎች ብዙ ጊዜ አይታዩም። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀምበትን ኤችኢአይሲ የተባለውን የፎቶ ፎርማትም አያውቁትም። በኮምፒውተር ተከፍተው እንደ ተራ ጄፔግ ሲቀመጡ ሁለቱም ይፈታሉ። ፎቶው ተጋድሞ ከታየም ምክንያቱ ፍሬሙ ስልኩ የጻፈውን የአቅጣጫ ምልክት አለማንበቡ ነው፤ በኮምፒውተር አዙሮ እንደገና ማስቀመጥ ያስተካክለዋል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ ውስጥ ቢገባም በእነዚህ ፍሬሞች ላይ የግዕዝ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና ቁጥር አጠር ብሎ ቢጻፍ ይመረጣል። የፎቶው ባለቤት ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ በአማርኛ ወይም በዋግ ኽምራ በሚነገረው ኽምጣኛ እንዲነበብ ከተፈለገ በኮምፒውተር በፎቶው ላይ ተጽፎ አብሮ ይቀመጣል። ፍሬሙ ጽሑፉን እንደ ፎቶው አካል ስለሚያየው ያለ ችግር ያሳየዋል። ልጆች የማያውቋቸውን አያቶች በስም እንዲለዩ የሚያደርግ በመሆኑ ይህ ሥራ ድካሙ አይባክንም።

የተለመዱ ችግሮች

ኮምፒውተሩ ፍሬሙን ጭራሽ ካላየው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ኬብሎች የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ሌላ ኬብልና ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ መሞከር ይገባል።

ካርዱ ካልተነበበ መጠኑ መታየት አለበት። የመጀመሪያው የኤስዲ ደረጃ እስከ 2 ጊጋባይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት ይደርሳል። ለአሮጌ ፍሬም የሚስማማው 2 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ፋት በተባለው የፋይል ሥርዓት የተፎረመተ ካርድ ነው። 64 ጊጋባይት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

የቁልፍ መያዣ የሚያህሉ ትንንሽ ፍሬሞች ከዚህ ይለያሉ። ብዙዎቹ እንደ ፍላሽ ሳይሆን በራሳቸው የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ ይጫናሉ፤ ፕሮግራሙም በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ላይሠራ ይችላል። ለአንዳንዶቹ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ጂፎቶ2 የተባለ ነጻ ፕሮግራም መፍትሔ ሆኗል።

ፍሬም ቫይረስ ሊያስተላልፍም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ የአሜሪካው ቤስት ባይ ኢንሲግኒያ በተባሉ ፍሬሞቹ ላይ ቫይረስ በመገኘቱ ሞዴሉን ከገበያ አውጥቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሳምሰንግ ኤስፒኤፍ-85ኤች ፍሬም ጋር በሚሰጠው ሲዲ ላይ ሳሊቲ የተባለው ቫይረስ ተገኝቷል። ስለዚህ ያገለገለ ፍሬም ሲገናኝ እንደማንኛውም ፍላሽ በአንቲቫይረስ መፈተሽ አለበት።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ

በዋግ ኽምራ ኔትወርክ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ የፎቶ ማከማቻ ምን ያህል እንደማያስተማምን የቅርቡ ታሪክ አሳይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። እቤት ባለ ኮምፒውተርና በኬብል በሚጫን ፍሬም ላይ ያለ ፎቶ ግን ለመታየት ኔትወርክ አይጠብቅም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረውን የሻደይ በዓል፣ የሰርግና የክርስትና ፎቶዎችን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመድ በፍላሽ ለመንገደኛ አስይዞ ሊልክ፣ ሊቀበልም ይችላል።

ከውጭ የመጣ ፍሬም ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት የአዳፕተሩ ጽሑፍ ይነበብ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሚያስፈልገው ለጠፍጣፋ እግሩ የሚሆን መቀየሪያ ሶኬት ብቻ ነው፤ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ግን ይቃጠላል። ወደ ፍሬሙ የሚገባው 5 ቮልት የሆነ ሞዴል፣ የሚገጥም ጫፍ ከተገኘለት፣ በፓወር ባንክ ወይም የ5 ቮልት ዩኤስቢ ባለው የሶላር መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። 9 ወይም 12 ቮልት የሚፈልገው በዚህ አይሠራም። መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን መንቀል፣ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ፎቶ መጫንንም መብራት በማይዋዥቅበት ሰዓት ማድረግ የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዝማል።

የፎቶ ጥበቃ

ፍሬሙ ማሳያ እንጂ ማኅደር አይደለም። የተጫነበት የተቀነሰ ቅጂ ስለሆነ ትልቅ አድርጎ ለማሳተም አይበቃም፤ ሚሞሪውም አንድ ቀን ሊሞት ይችላል። ዋናው ፎቶ ባልተቀነሰ መጠኑ በኮምፒውተሩ ላይ በየዓመቱ በተከፈለ ፎልደር ይቀመጥ። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል በሌላ ዘመድ ቤት ይደር። ይህ ከተደረገ ፍሬሙ ቢሰበር የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ነው።